ቦርድ የክብር ወንበር አይደለም፣ አማና ነው

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሒም



ጥር 2004 በአወሊያ ግቢ የተነሳው ድምፅ የጠየቀው ሦስት ነገር ነበር። የመጅሊስ መሪዎች በሕዝበ ሙስሊሙ ነፃ ምርጫ ይመረጡ። የአሕባሽን አስተምህሮ በግዴታ መጫን ይቁም። አወሊያ ከመጅሊሱ እጅ ወጥቶ ሙስሊሙ በሚመርጠው ገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ስለ ምርጫውና ስለ አሕባሽ ሕፃን አዋቂው አፍታቶ ይናገራል። «ገለልተኛ ቦርድ ማለት ምን ማለት ነው? አባሉስ ሥራው ምንድን ነው?» ሲባል ግን መልሱ ያጥራል። ይህች ጽሑፍ ይህንኑ ለመመለስ የተዘጋጀች ናት።

ጥያቄያችንን የሚያጣጥሉ ወገኖች እንዲህ ይላሉ፦ «መጅሊሱም የሙስሊም ነው፣ አወሊያም የሙስሊም ነው። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ለማዛወር ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው? ነገሩ የወንበር ጥያቄ ነው።» መልሳችን አጭር ነው። የጠየቅነው ማን ይቀመጥ ብለን አይደለም። የሚቀመጠው ሰው በምን ሕግ ሥር ይቀመጣል፣ ለማንስ ይጠየቃል ብለን ነው። ወንበር ፈላጊ ወንበሩን የሚጠበብ ሥርዓት አይጠይቅም። እኛ የጠየቅነው እስር የበዛበት፣ ሒሳብ የሚጠየቅበት፣ ጊዜው ሲያልቅ የሚለቀቅ ወንበር ነው።

ሦስት ጥያቄ ለማንኛውም ተቋም

የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ፣ መስጂድም ይሁን መድረሳ፣ ሆስፒታልም ይሁን እድር፣ በላዩ የተሾመ ሰው ሦስት ጥያቄ አለበት። ማን መረጠህ? ለማን ሒሳብ ታቀርባለህ? ጊዜህ ሲያበቃ ወይም አማናውን ስታጎድል ማን ያወርድሃል? ለሦስቱም «ጀመዓው» ብሎ መመለስ የሚችል ሰው ወኪል ነው። መልሱ ሌላ ከሆነ፣ ጢሙ ቢረዝም ጥምጣሙ ቢያምር፣ የሌላ ሰው ሠራተኛ ነው።

አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባን በሰልፍ ሲያጥለቀልቁ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የሙስሊሙን ጉዳይ የሚመራ የራሱ ተቋም ይኑረው የሚል ነበር። መጅሊስ ከዚያ ጥያቄ የተወለደ ነው። በሕዝብ ጥያቄ የተወለደ ተቋም ግን ከሕዝቡ እጅ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ደግመን ደጋግመን አይተናል። የካቲት 14 ቀን 1987 በአንዋር መስጂድ የሙስሊም ደም የፈሰሰው በዚሁ በመጅሊስ አመራር ውዝግብ ሳቢያ ነው። መስከረም 27 ቀን 2005 ደግሞ የመጅሊስ ምርጫ ተብሎ በቀበሌ ተደረገ። ሙስሊሙ «በመስጂዳችን እንምረጥ» እያለ፣ እንዲመርጡለት የጠየቃቸው ወኪሎቹ ታስረው እያለ፣ የምርጫው ደጃፍ ወደ ቀበሌ ዞረ።

አንዳንዱ «ቀበሌም የሕዝብ ቦታ ነው፣ ቦታው ምን ለውጥ ያመጣል?» ይላል። ለውጡ ይህ ነው፦ በመስጂድ የተመረጠ ሰው በየጁምዓው ከመራጩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይሰግዳል። ያጠፋ ቀን ከሰላምታ በኋላ እጁን ይዞ የሚጠይቀው አለ። በቀበሌ የተመረጠ ሰው ግን ዓይኑ ያስቀመጠውን ያያል። ሰው የሚፈራው ሊያወርደው የሚችለውን ነው። ምርጫው የት ይሁን የሚለው ክርክራችን ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

አወሊያም የዚሁ ፍሬ ነው። አስተዳደሩ በመጅሊሱ እጅ ከገባ በኋላ በ2004 50 የሚሆኑ የአረብኛ መምህራን ተባረሩ። እኛ የመድረሳ አስተማሪዎች ይህንን ስንሰማ ያመመን ስለ እንጀራ ብቻ አልነበረም። ለመሆኑ በዚህ ጉዳይ ላይ የተማሪ ወላጅ ተጠየቀ? መምህራኑስ ጥፋታቸው ተነግሯቸው መልስ ሰጡ? ተቋሙን በዱዓውና በገንዘቡ ያቆመው ሙስሊም የት ነበር? ገለልተኛ ቦርድ ቢኖር ኖሮ መምህር የማይሰናበት ሆኖ አይደለም፤ ለማሰናበት ግን ምክንያት፣ ማስረጃና ቃለ ጉባኤ ያስፈልግ ነበር። ከዚያም ውሳኔውን በሕዝብ ፊት የሚከላከል፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ይኖር ነበር።

መሠረቱ ከየት ነው?

«ቦርድ» የሚለው ቃል ከፈረንጅ ስለመጣ ነገሩም የፈረንጅ የሚመስለው ሰው አለ። ቃሉ የነሱ ነው፣ ነገሩ ግን የእኛ ነው። ፉቀሃእ ናዚር ይሉታል፤ የወቅፍ ጠባቂ ማለት ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን ምርጥ መሬት ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባማከሩ ጊዜ፣ ዋናው ታግዶ ይቀመጥ፣ ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛና ለመሰል ጉዳይ ይዋል ተባሉ። መሬቱ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም። የሚያስተዳድረው ሰው በልኩ ከፍሬው ቢበላ ኃጢአት የለበትም፣ ሀብት ሊያካብትበት ግን አይችልም። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ተመልከቱ! በዚህ በአንድ ሐዲስ ውስጥ የቦርድ ሕግ ዋናው ሁሉ አለ፦ ንብረቱ የማንም የግል አይደለም፣ ዓላማው ተወስኗል፣ የጠባቂው ድርሻም ተገድቧል።

ዑመር (ረ.ዐ.) ከሳቸው በኋላ ያንን ወቅፍ እንድትጠብቅ የተናዘዙት ለልጃቸው ለእሙል ሙእሚኒን ሐፍሳ (ረ.ዐ.) ነው። ስለዚህ «ሴት በመስጂድ ገንዘብ ላይ ምን አገባት?» የሚል ካለ ክርክሩ ከኛ ጋር ሳይሆን ከዑመር ጋር ነው። በየመስጂዱ የእህቶቻችን መስገጃ ጠባብ፣ ውዱእ ማድረጊያቸው ብልሹ የሚሆነው፣ በጀት በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ አንዲት እህት እንኳ ስለማትገኝ ነው።

ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የምድሪቱን ካዝና ለመያዝ ራሳቸውን ሲያቀርቡ ሁለት ችሎታ ነው የጠቀሱት፦ ጠባቂነትና ዕውቀት። በሱረቱል ቀሰስ ስለ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የተነገረውም ብርታትና ታማኝነት ነው። አንዱ ያለሌላው አይበቃም። ታማኝ ሆኖ ደረሰኝ ማንበብ የማይችል ሰው ይታለላል። አዋቂ ሆኖ ታማኝ ያልሆነ ደግሞ ያታልላል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደካማ መሆናቸውን፣ ነገሩም አማና መሆኑን፣ ሐቁን ላልተወጣ ሰው የቂያማ ቀን ውርደትና ፀፀት እንደሚሆን ነግረዋቸዋል። አቡ ዘርን የሚያህል የአላህ ወዳጅ! ስለዚህ ደግ ሰው ስለሆነ ብቻ ወንበር አይሰጠውም።

ጠባቂው ከጀመዓው ሲለይ ምን እንደሚከተል የግብፅን ታሪክ ማየት ይበቃል። ለዘመናት የአል-አዝሀርን ኡለሞችና ደረሳዎች ያኖረው ወቅፍ ነበር። ከ1952 (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ ወቅፉ ወደ መንግሥት ሚኒስቴር እጅ ተጠቃለለ። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አል-አዝሀር ራሱ በአዋጅ በመንግሥት ሥር ገባ። የዓሊሙ ደመወዝ ከሚኒስቴር መምጣት ሲጀምር የዓሊሙ ምላስም መመዘን ጀመረ። እኛም ለአወሊያ የሰጋነው ይህንኑ ነበር። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ፣ በአንቀጽ 27 አማኞች የትምህርትና የአስተዳደር ተቋማት ማቋቋም እንደሚችሉ ደንግጓል። የጠየቅነው ከዚህ አልዘለለም።

የቦርድ አባል ሥራው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ዓላማን መጠበቅ። ፉቀሃእ የወቃፊው ቃል እንደ ሕግ ይከበራል ይላሉ። ለመድረሳ ወንበር ተብሎ የተዋጣ ገንዘብ ለአጥር አይውልም። ለጉድጓድ ውኃ የተሰጠ ለምንጣፍ አይውልም። አጥሩ የግድ ካስፈለገ ሰጪውን መጠየቅ፣ ጀመዓውን ማስፈቀድ ነው። «ሁለቱም ለዲን ነው» ማለት ማምለጫ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ገንዘብን መጠበቅ። የሚሰበስበው፣ የሚመዘግበውና የሚያወጣው ሰው አንድ መሆን የለበትም። በቆጠራ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰው ይቀመጥ። ገንዘቡ በተቋሙ ስም ባንክ ይግባ፣ በግለሰብ ስም የተከፈተ ደብተር ሐላል አይሆንለትም። ቼክ በአንድ ፊርማ አይውጣ።

ሦስተኛ፣ ራሱን ከጥቅም ማራቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ሰው ተመልሶ «ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ለኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው» ባለ ጊዜ ሚንበር ላይ ወጥተው፣ በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ስጦታው ይመጣለት ነበር ወይ ብለው ነው የገሰፁት። የመስጂዱ ሲሚንቶ ከቦርዱ ሰብሳቢ ሱቅ ሲገዛ፣ የመድረሳው ግንባታ ለገንዘብ ያዡ አማች ሲሰጥ፣ የመስጂዱ የኪራይ ቤት ለኮሚቴ አባል ዘመድ በርካሽ ሲከራይ የሚጠየቀው ይህ ጥያቄ ነው። ወንበሩ ባይኖር ይህ ጉዳይ ይደርስህ ነበር? ዘመዱ የተወዳደረበት ጉዳይ ሲመጣ አባሉ ተነስቶ ይውጣ፣ መውጣቱም ይጻፍ።

አራተኛ፣ መሾምና መቆጣጠር እንጂ መሥራት አይደለም። ቦርዱ ርዕሰ መምህሩን ይቀጥራል፣ ዕቅዱን ያፀድቃል፣ ውጤቱን ይጠይቃል። ክፍል ገብቶ ለኡስታዙ «ይህን ሱራ ዝለል» አይለውም፣ ዘበኛውን ቡና እንዲያመጣ አይልከውም። ሁሉን እኔ ልንካ የሚል ቦርድ ጎበዝ ሠራተኛ አይበረክትለትም። ምንም የማይነካ ቦርድ ደግሞ የተዘረፈ ዕለት «አላወቅንም» ይላል። አላወቅንም ማለት ለቦርድ አባል መከላከያ አይደለም፣ እንዲያውቅ ነውና የተሾመው።

አምስተኛ፣ መናገርና መፈረም። ውሳኔ በሹራ ነው፣ ሹራውም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። በስብሰባ ዝም ብሎ በሻይ ቤት የሚያማ አባል አማናውን ሁለት ጊዜ አጥፍቷል። ያልተስማማ ሰው ልዩነቱን ያስጽፍ። ስብሰባ የማይመጣ ሰው ቦታውን ለሚመጣ ይልቀቅ።

ስድስተኛ፣ መውረድን ማወቅ። የአገልግሎት ዘመን ይወሰን፣ ሲያልቅ ማኅተሙ፣ ካርታው፣ የባንክ ደብተሩና ቁልፉ በርክክብ ይሰጥ። አገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አላት። የአላህን ቤት ለሚጠብቅ ሰው ይህ ተረት ተገልብጦ ይነበባል፦ ሲሾም የበላ፣ ሲሻር ሳይሆን ሲሞት ይቆጨዋል።

ከአወሊያ በፊት በራችን ላይ

ይህን ሁሉ ከመጅሊስ ስንጠይቅ በየሰፈራችን ያለው ኮሚቴም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባል። በአቃቂ ቃሊቲ መስጂዶቻችንን ያቆመው ማን ነው? የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የከባድ መኪና ሾፌሩና ረዳቱ፣ የመናኸሪያው ተሸካሚ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ድንች የምትቸረችረው እናት ናት። ከሰላት በኋላ ጨርቅ ሲዘረጋ የሚወድቀው ብር ከላብ የወጣ ብር ነው። በጥቅምት ብርድ ሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ ጠዋት ፈጅር ሰግዶ አምስት ብር የሚጥል ሰው፣ የብሩን መድረሻ የማወቅ መብቱ መቶ ሺህ ከሰጠው ነጋዴ አያንስም።

ይሁን እንጂ በክፍለ ከተማችን ባሉ አንዳንድ መስጂዶች የምናየው ሌላ ነው። ኮሚቴው መቼ እንደተመረጠ የሚያስታውስ ሰው የለም። ብዙ የሰጠ ባለሀብት ወዲያው ሰብሳቢ ይሆናል፣ ሰብሳቢነቱም እንደ ርስት ይቆያል። ሒሳብ የሚነገረው ገንዘብ ሲጎድል እንጂ ሲተርፍ አይደለም። የመድረሳ አስተማሪ ደመወዙ ሦስት ወር ሲዘገይ «ሶብር አድርግ፣ አጅርህ ከአላህ ነው» ይባላል። የሲሚንቶ ነጋዴው ግን አጅሩን እስኪያገኝ እንዲጠብቅ አይነገረውም። የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋው ይሰጠው የሚለውን ትምህርት ለልጆች የምናስተምረው እኛው ነን፣ ልጆቹም የኡስታዛቸውን ጫማ ያያሉ።

እስቲ ወደ እድራችን እንመልከት። እድር ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ነው ያለው። ሆኖም ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መዝገብ አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው፣ በጉባኤ ላይ አንዲት እናት ተነስታ «የተሰበረው ድስት የት ገባ?» ብላ ትጠይቃለች፣ መልስም ታገኛለች። ለድስት የተጠነቀቅነውን ያህል ለአላህ ቤት መጠንቀቅ እንዴት ይከብዳል?

መንግሥት እስከ 2011 ድረስ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በአዋጅ 621/2001 ይቆጣጠር ነበር። ከወጪያቸው ለአስተዳደር የሚውለው ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። በአዋጁ ላይ ብዙ ቅሬታ ያለው ሰው ብዙ ነበር። የሃይማኖት ተቋማት ግን በዚያ አዋጅ አይዳኙም ነበር። ይህ ለእኛ እፎይታ ሳይሆን ተጨማሪ ኃላፊነት ነው። የመስጂዳችንን ሒሳብ የውጭ ሰው እንዲመረምርልን የማንፈልግ ከሆነ ራሳችን መመርመር አለብን። ራሱን የማይመረምር ጀመዓ ለጣልቃ ገብ እጅ በሩን ከፍቶ ነው የሚተኛ።

«ጥርጣሬ ነው፣ ፊትና ነው» ለሚሉን

ሒሳብ ሲጠየቅ «በሙስሊም ላይ ሱኡ ዘን አታድርጉ» የሚል ይነሳል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገረው የበቀራ 282ኛው አንቀጽ ነው። የየቲምን ገንዘብ ሲያስረክቡ ምስክር እንዲቆም የታዘዘው በሱረቱ ኒሳእ ነው። መጻፍና ማስመስከር ጥርጣሬ ቢሆን ኖሮ አላህ (ሱ.ወ.) ባላዘዘን ነበር። እንዲያውም ደረሰኝ የሚጠቅመው ከሁሉ በፊት ታማኙን ሰው ነው፤ ስሙን ከሐሜት ይጠብቅለታል። ደረሰኝ የሚጠላው ማን እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

ሌላው ደግሞ «አሁን የትግል ጊዜ ነው፣ የውስጥ ጉዳይ ይቆይ» ይላል። አይቆይም! ጥያቄያችን ራሱ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። አወሊያ በተመረጠና በሚጠየቅ ቦርድ ይተዳደር የሚል ጀመዓ፣ ያንኑ ሥርዓት በሰፈሩ መስጂድ ሲያቆም ጥያቄው ሥጋና አጥንት ይለብሳል። ያኔ «ለእነሱ ቢሰጣቸውስ ምን ሊያደርጉት ነው?» የሚለውን አፍ የሚዘጋ ሕያው ማስረጃ ይኖረናል። አንድነት ማለት ዝምታ አይደለም። አንድነት የሚፈርሰው በተጠየቀ ሒሳብ ሳይሆን በተደበቀ ሒሳብ ነው።

ወኪል እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ሩቅ ሄደን ምሳሌ መፈለግ የለብንም። በአወሊያ የመረጥናቸው 17 የኮሚቴ አባላት ከመንግሥት ጋር ተነጋግረው ሲመለሱ የተባሉትን ለሕዝቡ ይዘው ይቀርቡ ነበር። ደመወዝ አልነበራቸውም፣ ያገኙት ሐምሌ 2004 ላይ እስር ነው። ብዙዎቻቸው በእኛው ክፍለ ከተማ፣ ከመድረሳዎቻችን ብዙ በማይርቁ ማረሚያ ቤቶች ግንብ ውስጥ ታስረው ነበር። የተወከሉበትን አማና በስንት ዋጋ እንደጠበቁ እያየን፣ የመስጂድ ቁልፍ ይዞ ለሁለት ሰዓት ስብሰባ ጊዜ የለኝም ማለት ነውር ነው።

ከየጀመዓው የሚጠበቀው

ረመዳን ሳይደርስ እያንዳንዱ ጀመዓ የሚከተለውን ይጀምር፦

1. ከዒሻ በኋላ ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራ፣ ኮሚቴው መቼና በማን እንደተመረጠ ይገለጽ። ጊዜው ያለፈበት ከሆነ በመስጂዱ ውስጥ፣ እህቶችም ባሉበት፣ አዲስ ምርጫ ይደረግ።

2. የአገልግሎት ዘመንና የአባላት ተግባር በአንድ ገጽ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

3. በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪ በጽሑፍ ይለጠፍ፣ ከጁምዓ በኋላም ይነበብ።

4. ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ፣ ሒሳብ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ መዝገቡን ይመርምሩ። በጀመዓችን ውስጥ የሒሳብ ሠራተኞች ሞልተዋል፣ ሙያቸውም ሰደቃ ነው።

5. የኢማሙ፣ የሙአዚኑና የመድረሳ አስተማሪው ደመወዝ ከግንባታ ወጪ በፊት ይከፈል።

6. ወጣቶች ከመቀመጫው ይድረሱ። መዝገብ ያዥነትን፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍን ዛሬ የተማረ ወጣት ነገ የአወሊያ ቦርድ አባል ነው።

ይህ ሁሉ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሰልፍ ቢከለክሉን፣ አዳራሽ ቢነሱን፣ በመስጂዳችን ሒሳብ መተሳሰብን የሚከለክል የለም። የመጅሊስን በር ለማስከፈት ስንታገል የራሳችንን በር ክፍት አድርገን እንጠብቅ። አወሊያን የሚይዙት እጆች፣ ብርና ማኅተም በንጽሕና መያዝ የለመዱ ይሁኑ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!